የደጃዝማች ጎሹ ባለሟልና መጽሐፍ ሰብሳቢ ወንድሙ

የጎጃምን የ19ኛ መቶ ዓመት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የሁለት ወንድማማቾችን ሥራ ሳይመለከት ሊያልፍ አይችልም። እነርሱም አንትዋን ዳባዲና አርኖ ዳባዲ የተባሉ ፈረንሣውያን ናቸው። በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ታላቁ አንትዋን እጅግ የተመሰገነ ነው፤ 234 በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ሰብስቦ ዝርዝራቸውን በ1859 በፓሪስ አሳትሟልና። ታናሹ አርኖ ግን የወንድሙ ስም በተነሣ ጊዜ ብቻ አብሮ ይነሣል። ይህ ሚዛን ለሌላው አገር ይስማማ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ለጎጃም ግን የማይስማማ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አባታቸው የባስክ ባላባት ሲሆን በፈረንሣይ አብዮት ምክንያት ወደ አየርላንድ ተሰዶ አይሪሽ ሴት አገባ። ስለዚህ ሁለቱም ደብሊን ተወለዱ፤ አንትዋን በ1810፥ አርኖ በ1815። በ1838 መጀመሪያ ምጽዋ ደርሰው ወደ ጎንደር ወጡ፤ ከዚያም መንገዳቸው ተለያየ። አንትዋን የተራራውን ከፍታና የአገሩን ርቀት በመሣሪያ እየለካ፥ ቋንቋ እያጠና፥ መጽሐፍ እየሰበሰበ እስከ እናርያና ከፋ ዘለቀ። አርኖ ደግሞ ወደ ጎጃም ወርዶ የጎጃምና የዳሞት ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ቤት ገባ።

በዚያ ዘመን የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ገና ከተማ አልሆነችም፤ ቦታውም መንቆረር ይባል ነበር። የገዥው ከተማ ድንኳኑ የተተከለበት ስለ ነበረ አርኖም እንደ ማንኛውም ባለሟል ከሰፈር ወደ ሰፈር ይከተል ነበር። አማርኛን ተምሮ፥ የአገሩን ልብስ ለብሶ፥ ሚካኤል እየተባለ እየተጠራ ከጌታው ጋር ዘመተ፤ ከግብሩ ቀረበ፤ በችሎትም ቆሞ ሙግት ሰማ። የዚህን ሁሉ ውጤት «ዐሥራ ሁለት ዓመት በላይኛው ኢትዮጵያ» በሚለው መጽሐፉ ጽፎታል። የመጀመሪያው ክፍል በ1868 ታተመ፤ የቀረው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጦ ከ1980 ጀምሮ በቫቲካን ወጣ። ለስሙ መረሳት አንዱ ምክንያት ይኸው መዘግየት ይመስለናል።

የዚህ መጽሐፍ ዋና ጥቅሙ ምንድር ነው ቢባል፥ የአንድ መስፍን ቤት እንዴት እንደሚተዳደር ከውስጥ ሆኖ ማሳየቱ ነው። ዜና መዋዕል ማን ከማን ተዋጋ፥ ማን ተሾመ፥ ማን ተሻረ ይለናል። አርኖ ግን ማን ከማን ቀድሞ እንደሚገባ፥ ሎሌ ከጌታው እንዴት እንደሚኳረፍና እንደሚታረቅ፥ አንድ ባለጉዳይ ጌታውን ሳያስቆጣ እንዴት ደፍሮ እንደሚናገር ይነግረናል። ደጃዝማች ጎሹና ልጃቸው ብሩ ጎሹ በየጊዜው የገጠማቸው ቅራኔም በእርሱ ዘንድ የፖለቲካ ነገር ብቻ አይደለም፤ የአባትና የልጅ ኀዘን ያለበት ነው። ደጃዝማች ጎሹ በኅዳር 1852 በጉር አምባ ከካሣ ኃይሉ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ብሩም ጥቂት ቆይተው ተማረኩ። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ካሣ ራሳቸው፥ ያን ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በመቅደላ ሞቱ። እንግዲህ አርኖ የሣለው ቤት መጽሐፉ ሲወጣ ፈርሶ ነበር።

ነገር ግን የአርኖን ቃል ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። መጽሐፉ ከነገሩ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ የወጣ ሲሆን፥ የጎጃም መኳንንት በውስጡ የሚናገሩት ረጅም ንግግር በጠራ ፈረንሣይኛ ተስተካክሎ ይነበባል። አማርኛውን የሚያውቅ አንባቢ አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይህስ በውነት የእኛ ሰው አነጋገር ነው» ይላል፤ ሌላውን ግን ከፓሪስ ቲያትር የመጣ አድርጎ ይገምታል። ከዚህም ሌላ አብዮት ያፈለሰው የባላባት ልጅ በጎጃም መኳንንት ፊት የአባቶቹን ዘመን ያየ ይመስላል። ጌታና ሎሌ በፍቅርና በመተማመን የሚኖሩበት ሥርዓት አድርጎ ይስለዋል። ግብሩን የሚከፍለውና ለወታደሩ ማደሪያ የሚሰጠው ገበሬ ግን ከሩቅ ይታያል እንጂ አይናገርም። ከድንኳኑ ውስጥ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ከድንኳኑ ውጭ ያለውን አጥርቶ ማየት ይቸግረዋል። ቢሆንም ቅሉ ጉድለቱ ስለሚታወቅ በጥንቃቄ ልንጠቀምበት እንችላለን።

ወደ አንትዋን እንመለስ። ይህ ሰው እጅግ ትጉህ ነበር፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ታትሟል። በጎጃም የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ «ከፋ አልደረሰም» ብሎ ቢከራከረውና በዚሁ ቁጣ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውን ሜዳልያ ቢመልስም፥ ኋለኞቹ ሊቃውንት ለአንትዋን ፈርደውለታል። (ሁለቱም ስለ ነጭ አባይ ምንጭ በጻፉት መሳሳታቸው ግን ያስቃል።) ስብስቡ ከዕውቀት ፍቅር ብቻ የመጣ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል፤ ሮማ በ1846 በኦሮሞ አገር የካቶሊክ ሚሲዮን እንድታቆም ያሳሰበ እርሱ ነው።

በሰብሳቢነቱ የምናመሰግነው የመጽሐፉን ብዛት አይተን አይደለም። ከሁሉ የሚበልጥብን በአጋሜ ከጉንዳ ጉንዴ ገዳም ያደረገው ነው። በዚያ የሄርማስን «እረኛ» በግዕዝ አገኘ። ይህ የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍ በግሪክኛው እንኳ ሙሉ ሆኖ አይገኝም። አስገልብጦ ግልባጩን ወሰደና በ1860 በላይፕሲክ አሳተመው። ዋናው በገዳሙ ቀረ፤ ዓለምም መጽሐፉን አነበበ።

ይህ ሥራ በገዛ አገሩ አብነት ነበረው። ሮዤ ደ ጌንየር የተባለ የጊዝ መስፍን ባልደራስ በፈረንሣይ እየተዘዋወረ የመቃብሩን ሐውልትና የቤተ ክርስቲያኑን መስታወት በሠዓሊ እያስገለበጠ ሰበሰበ፤ በ1711 ስብስቡን ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአብዮቱ ብዙ ሐውልት ፈረሰ፤ ዛሬ መልኩ የሚታወቀው በባልደራሱ ወረቀት ነው።

ተቃራኒውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር ጅቡቲ ሚሲዮን በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕል ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታው የፈረንሣይ ሠዓሊ የሠራውን አዲስ ግልባጭ ተካ። ዋናው ዛሬ በፓሪስ ሙዚየም ነው። አንትዋን በጉንዳ ጉንዴ ግልባጩን ወስዶ ዋናውን ተወ፤ ግሪዮል ዋናውን ወስዶ ግልባጩን ተወ። የመቅደላው ደግሞ ግልባጭም የተወ የለም።

አንትዋን ሁልጊዜ እንዲህ አደረገ ማለታችን አይደለም፤ ብዙውን በገንዘብ ገዝቷል። ሻጩ ማን ነበረ? የደብሩ ገበዝ ፈቅዷልን? ወይስ በዚያ የመሳፍንት ጦርነት ከዕቃ ቤት የወጣ ምርኮ ነበረ? የመጽሐፉ ልክና የቅጠሉ ቁጥር በሚገባ ተጽፎ ሳለ ይህን የመሰለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። አመጣጡ ያልታወቀ መጽሐፍ የሚያስከትለውን ችግር ለማየት የዘርአ ያዕቆብን «ሐተታ» መመልከት ይበቃል። ይህን መጽሐፍ ለአንትዋን የላከለት በኢትዮጵያ የነበረው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፥ በስብስቡ ቁጥር 234 ሆኖ ተመዝግቧል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «ጸሓፊው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» አለ፤ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በብዙ ድካም ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። መጽሐፉ ከየትኛው ቤት፥ ከማን እጅ እንደ ወጣ የሚመሰክር ሰው በጊዜው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የመቶ ዓመት ሙግት ባላስፈለገ ነበር።

አንትዋን በስተእርጅና በአንዳይ ከባሕር ዳር ባሠራው ግንብ የኢትዮጵያን ኑሮ በግድግዳው አሥሎ፥ በምግብ ቤቱ ወንበሮች ጀርባ አንዳንድ የአማርኛ ፊደል አስቀርጾ ነበር፤ ወንበሮቹ ሲደረደሩ ከማዕዱ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚለምን ቃል ይነበባል። በ1897 ሲሞት ግንቡ ለፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረ፤ መጻሕፍቱም በ1902 ወደ ብሔራዊ መጻሕፍት ቤት ገቡ። አሁን ብዙዎቹ በኮምፒዩተር ይነበባሉ።

ስለዚህ ከዲማ፥ ከደብረ ወርቅ፥ ከመርጡለ ማርያምና ከደብረ ኤልያስ አካባቢ የመጡ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ሲመለሱ ዝርዝሩን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። በመጽሐፍ ኅዳግ የተጻፈ የደብር ስም፥ የሰጪ ስም ወይም የግዝት ቃል በፓሪስ ላለው አንባቢ ትርጉም ላይሰጥ ይችላል፤ ለደብሩ አለቃ ግን የሚያውቀው ስም ሊሆን ይችላል። የአርኖን መጽሐፍ በተመለከተ ሥራው ከዚህ ይቀላል፤ ስለ ጎጃም የሚናገረውን ክፍል ወደ አማርኛ መመለስና የደጃዝማች ጎሹን ነገር ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ባሉበት ማንበብ ነው።