የ1973ቱ ዜድ

ሼካር ሜህታ እ.ኤ.አ. በ1945 ኡጋንዳ ውስጥ ተወለደ። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀን ውስጥ አገር ልቀቁ ሲል ወደ ኬንያ ተሻገረ። በዓመቱ ከሎፍቲ ድሩስ ጋር ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በዳትሰን 240ዜድ አሸነፈ። ድሉ ለጥቂት ነበር። ስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትሮም በሌላ ዳትሰን መጥቶ የሁለቱ የቅጣት ነጥብ እኩል ሆነ፤ ሳይቀጣ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው ሜህታ ስለነበር ዋንጫው ለእሱ ሆነ። ቀይ ቀለም ከጥቁር ኮፈን ጋር የነበረው ያ መኪና ሲያሸንፍ የሞዴሉ ዕድሜ እያለቀ ነበር። 1973 የ240ዜድ የመጨረሻ ዓመት ነው።

መኪና ሰብሳቢዎች ለመጨረሻ ዓመት ልዩ ፍቅር አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሜሪካኖቹ። መካከለኛ አካል ላይ ግዙፍ ሞተር ጭነው ማስል ካር ከሚሏቸው መካከል ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳን እንይ። ሰባት ሊትሩ የሄሚ ሞተር ለገበያ የቀረበበት የመጨረሻ ዓመት 1971 ነበር። በዚያ ዓመት ጣሪያው የሚከፈተው ዓይነት የተሠራው ከደርዘን አይበልጥም፤ አንዱ በ2014 በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ጥቂት የሆነው ግን ፋብሪካው ሊያከብረው ፈልጎ አይደለም። የኢንሹራንስ ክፍያው ከብዶ፣ ዋጋውም ከፍ ብሎ ገዢ ስላጣ ነው። በ2023 ዶጅ ቻሌንጀርን ሲያቆም ደግሞ የመጨረሻዎቹን «ላስት ኮል» ብሎ ስም አውጥቶ ሸጣቸው። ለእኔ ይህኛው ያን ያህል አይጥመኝም፤ ብርቅነቱ በገበያተኞች ቢሮ ተለክቶ የተሰፋ ነው።

በዜድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰብሳቢው ውድ ገንዘብ የሚከፍለው ለመጀመሪያዎቹ ነው። በ2020 አንድ ቀደምት 240ዜድ 310,000 ዶላር ተሽጧል። ዐዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ በሻንጣው ክዳን ላይ ያሉትን ሁለት አግዳሚ የአየር መውጫዎች ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ መለያ ናቸውና። እኔ ግን ከሥር ገብቶ ለሚያይ ሰው የተሻለው የእጅ ሥራ የኋለኛው ነው እላለሁ።

ከሥር እንጀምር። በቀደምቶቹ መኪኖች ዲፈረንሻሉ ትንሽ ወደ ፊት ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሱት ሁለቱ ሴሚያሶች ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ኋላ አዘንብለው ይሽከረከሩ ነበር፤ መጋጠሚያቸውም ያለ ዕረፍት ይሠራል። በ1971 አጋማሽ መሐንዲሶቹ ዲፈረንሻሉን በጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ አዛወሩት፣ ሴሚያሶቹም ቀኑ። ይህን ለውጥ ማንም ገዢ አላየውም፤ ማስታወቂያም አልተሠራለትም። ቀጥሎ የማርሽ ሳጥኑ በሌላ ተተካ፤ የጎማው ቸርኬ ሰፋ አለ። አንድ እናት ሽሮዋን ዓመት በዓመት እያሻሻለች እንደምትሄድ፣ ፋብሪካውም ጉድለቱን በየወሩ እየቀመሰ አቃናው።

ሞተሩ ግን ከመጀመሪያውም መቃናት ብዙም አላስፈለገውም። ኤል24 ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2,393 ሲሲ፣ ሞኖብሎኩ የብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 73.7። እነዚህ ቁጥሮች በ1970 ኤድጋር ሄርማን ሳፋሪን ያሸነፈበት የዳትሰን 1600 ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ቁጥሮች ናቸው። ማለትም የነበረውን ወስደው ሁለት ሲሊንደር ጨመሩበት፤ ሄርማንም በ1971 በዜድ ደገመው። የሞተሩ ዋና ዘንግ በሰባት ቦታ ተደግፎ ስለሚዞር ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ ይጠራል እንጂ አይንቀጠቀጥም።

በሞተሩ ጎን ደግሞ ክብ አናት ያላቸው ሁለት ካርቡሬተሮች አሉ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ በጉልላቱ ውስጥ ያለው ፒስተን በአየሩ ስበት ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሥሩ የተሰካው ሾጣጣ መርፌም አብሮ ይነሣና የቤንዚኑን ቀዳዳ በልኩ ይከፍታል። ፒስተኑ እንዳይዘል በአናቱ ያለ ጥቂት ዘይት ይይዘዋል። ኮምፒዩተር የለም፣ ሽቦ የለም፤ ልኩ ሁሉ በመርፌው ሹለት ውስጥ ነው። ሹለቱን የቀረጸው ሰው የሞተሩን ምግብ ከዝግታ እስከ ሙሉ ፍጥነት በአንዲት ቀጭን ብረት ላይ ጽፎታል።

ታዲያ የመጨረሻው ዓመት ለምን ተናቀ? ጥፋቱ የሕግ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በ1973 የፊት ፓራውልቱ ግጭት እንዲችል ወፍሮ ወደ ፊት ወጣ፤ የአፍንጫው ቀጭን መስመር ተበላሸ። ጭስን ለመቀነስ ክብ አናቶቹ ካርቡሬተሮች በጠፍጣፎች ተተኩ። ሙቅ ውሃም በአጠገባቸው ስለሚያልፍ፣ በሙቀት ቀን ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቤንዚኑ እየፈላ መኪናው ያስቸግራል። ብዙ ባለቤቶች ጠፍጣፎቹን ነቅለው ክቦቹን መልሰዋል። ወደ ሌላ አገር የሄዱት ግን ክቦቹን እንደያዙ ቀሩ። ስለዚህ ያቺው የ1973 መኪና ከሥሯ በጣም የበሰለች፣ ከላይዋ የተነካካች ሆና ሁለት እጆች ይታዩባታል፤ ጥሩ ዓይን አንዱን ከሌላው ይለያል።

ካምፓላ ላይ እንዲህ ያለ መኪና ለሚመኝ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ኡጋንዳ በ2018 ባወጣችው ሕግ ከተመረቱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ስለዚህ ከድሮ የገባ ነው የሚፈለገው። ሲገኝም ቀለሙን ማመን አይበቃም። የዜድ ላሜራ ስስ ነው፤ ዝገት ከባትሪው መቀመጫ ሥር፣ ከወለሉና ከኋላ ጎማ ፊት ካለው ጥግ ይጀምራል። ብረት ቀጥቅጦ ማቃናት በታወቀባት በካትዌ ሰፈር ባትላሜራ የሚሠራ ሰው ወለሉን ቆርጦ አዲስ ይበይዳል፣ ይህ የሚቻል ነው። ክሩስኮቱ ግን በፀሐይ ከተሰነጠቀ በብየዳ አይመለስም፤ ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ የተቀመጡት ክብ መለኪያዎቹ የዚህ መኪና ፊት ናቸውና መጀመሪያ እነሱን ማየት ይሻላል። ከዚያ ኮፈኑን ወደ ፊት ከፍቶ ካርቡሬተሮቹን ማየት። መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ ክቦቹን ካገኘ፣ ሻጩን ጠፍጣፎቹ የት እንዳሉ ይጠይቀው። ለመንዳት አያስፈልጉም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ብሎ ለውድድር ለሚያቀርበው ሰው ግን የግድ ናቸው፣ ብዙ ባለቤቶች ደግሞ ነቅለው ጥለዋቸዋል።