ከቀለሙ በፊት ውሃው

የዛገ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ወደ ሥራ ቤቴ ሲገባ ብሩሽ አላነሳም፤ ተንበርክኬ አየዋለሁ። ዝገቱ እግሩ አካባቢ ከሆነ፣ ማሽኑ የኖረው በረንዳ ላይ ወይም ወለሉ በባልዲ በሚታጠብ ቤት ነው። ከሳሙና መሳቢያው ሥር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የውሃ ወረፋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሰው ከሮቶ ወይም ከጄሪካን እየቀዳ በመሳቢያው በኩል ይሞላዋል፤ ገሚሱ ይገባል፣ ገሚሱ ላሜራው ላይ ይወርዳል። የበሩ ጎማ ዙሪያ ከዛገ በረኪና በዝቶበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ጎኑ ላይ ለብቻው የወጣ ነጠብጣብ ግን ብዙ ጊዜ ሲጫንና ሲወርድ የተላጠ ቦታ ነው፤ እሱ ቀላል ነው።

ይህን ማንበብ የተማርኩት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት፣ አረብ አገር ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን ማሽን አመጡልኝ። የታችኛው ጠርዝ ዝጓል። በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ አደረግሁና ነጭ ቀለም ነፋሁበት። «እሰይ ልጄ፣ አዲስ አደረግህልኝ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። አራት ወር ሳይሞላ ተመለሱ። አልተቆጡም። ቀለሙ ተነፋፍቶ ነበርና በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ተቀርፎ ወደቀ፤ ቀዩ ዱቄት ወጣ። «ለካ ውስጡን ለቄስ ነው» አሉኝ። ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ቀለም የዛገውን አያድንም፤ ያልዛገውን ከውሃና ከአየር ይከልላል እንጂ። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሰፋል፤ ከሥር ሆኖ ቀለሙን እየገፋ የሚያሳብጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያፈሰውን እጠግናለሁ፤ የላላውን ቱቦ፣ የተቀደደውን ጎማ። ከዚያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ በሽቦ ብሩሽ እጀምራለሁ። ጀማሪ የሚሳሳተው የሚታየውን ዝገት ብቻ ፍቆ ሲያቆም ነው። ደህና በሚመስለው ቀለም ሥር ዝገቱ ሰርስሮ ገብቶ ይገኛል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ንጹሕ ብረት እስካገኝ እፍቃለሁ፣ ከዚያ በ240 የአሮጌውን ቀለም ጠርዝ አለሰልሳለሁ። ላሜራው ወንፊት ከሆነማ ቀለም ምን ያደርግለታል? ቆርጦ መበየድ ነው።

በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ብሩሽ አይደርስበትም። እዚያ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ እቀባለሁ፤ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ፎስፌት ይለወጣል። ብሎኖቹን አቼቶ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። (በረኪና በነካው ዕቃ ግን አቼቶ አታፍሱ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።) የባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ ባልደረቦች አሉኝ። አልወደውም፤ ከዝገቱ አልፎ ብረቱን ይበላል፣ በደንብ ካልታጠበም ከቀለሙ ሥር ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ማድረቅ ነው። ንጹሕ ብረት ታጥቦ ትንሽ ከቆየ እንደገና ብርቱካንማ ይሆናል፤ ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ በዚያው ቀን አንቲረስት እቀባዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመጨረሻውን ቀለም አልነፋም፤ እርጥበቱ ፊቱ ላይ ጭጋግ ይጥልበታል። ስንፍና ነው የሚሉኝ ደንበኞች አሉ፤ ይበሉ። ቀለሙ በስሱ፣ እያደረቁ፣ ሦስት ጊዜ ነው። አንዴ ወፍራም አድርጎ መገላገል የሚፈልግ ሰው፣ ላዩ የደረቀ ውስጡ የላመ ቆዳ ነው የሚያተርፈው።

ከበሮውንም ቀባልኝ የሚል አይጠፋም። አልቀባም። ሙቅ ውሃን፣ ሳሙናንና ፍትጊያን የሚችል ቀለም እኔ ዘንድ የለም፤ ተቀርፎ ልብስ ላይ ይለጠፋል። በማይዝገው ከበሮ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ኪስ ውስጥ የተረሳ ሚስማር ወይም መርፌ ቁልፍ የተወው ነው፤ በሎሚ ይለቃል።

ሆን ብዬ ሳልቀባ የምተወው አንድ ቦታ አለ፤ የኧርዝ ሽቦው ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ብሎን። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብሎኑ ሥር ቀለም ከገባ፣ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ አካሉን በነካ ቀን 220 ቮልቱ ወደ መሬት መውረጃ ያጣል፤ መውረጃው እጁ የረጠበ ሰው ይሆናል። እኔ ቦታውን በፕላስተር ሸፍኜ እነፋለሁ፣ ስጨርስ በቴስተር እለካዋለሁ። እናንተም ማሽናችሁን አስቀብታችሁ ስትረከቡ ንጣቱን ከማየታችሁ በፊት የጀርባውን ክዳን አስፈቱ። ከዚያ ብሎን ሥር ቀለም ካለ አትረከቡ።