ርቀት የማይጠይቅ ናስ

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ፣ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት ስፋት አንድ ሜትር ነው። አንድ ኮከብ ላይ ሲያነጣጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አይጠይቁም፤ አቅጣጫው ይበቃቸዋል። ከየካ ሽቅብ በተመለከትኩ ቁጥር ባሕር ለሌለበት ተራራ እንግዳ የሆነ መሣሪያ ትዝ ይለኛል፦ እንደነሱ ርቀት የማይጠይቅ የቶርፔዶ ማነጣጠሪያ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠራው ከናስ ነው። ሦስት ዘንጎች አሉት። አንደኛው ቶርፔዶው የሚሄድበትን መስመር ይይዛል፤ ፍጥነቱ የባሕር ፍጥነት መለኪያ በሆነው ኖት ተቀርጾበታል። ሁለተኛው ከጠላት መርከብ ጉዞ ጋር ትይዩ ይደረጋል። በላዩ የሚንሸራተተው ቁራጭ የተገመተው ፍጥነት ላይ ሲደርስ በብሎን ይጠበቃል። ሦስተኛው የሁለቱን ጫፍ ያገናኛል፤ ዓይን የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ስሌቱ ያ ሦስት ማዕዘን ራሱ ነው፤ እርሳስ አያስፈልግም።

ቶርፔዶው 30 ኖት፣ መርከቡ 15 ኖት ይሂዱ እንበል። መርከቡ የዕይታውን መስመር በ90 ዲግሪ ሲያቋርጥ በዕይታውና በቶርፔዶው ዘንግ መካከል 30 ዲግሪ ይከፈታል። መርከቡ አንድ ኪሎ ሜትር ይራቅ ሁለት፣ ያው 30 ነው። ሦስት ማዕዘኑ ያድጋል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። መርከበኛው ጠላት ዕይታው ውስጥ እስኪገባ ይጠብቃል፤ ሲገባ ይለቃል።

ቶርፔዶው ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መሐንዲሱ ዋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1866 ፊዩሜ ላይ የሠራው የመጀመሪያው ቶርፔዶ ይህን የሚያረጋግጥለት ጋይሮስኮፕ አልነበረውም። ኦብሪ የተባለ ሰው የሠራው ጋይሮስኮፕ የመጣው በ1890ዎቹ ነው። ማነጣጠሪያው ትርጉም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

የዘንጎቹ መጋጠሚያ ያስደንቀኛል። ሳይጠብቅ መዞር፣ ሳይላላ መቆም አለበት። አንድ ዲግሪ መላላት 1,000 ሜትር ላይ 17 ሜትር ተኩል ያስታል። አንጥረኛው ይህን ሁሉ የተጠነቀቀው ግን ለግምት ነው፤ የጠላትን ፍጥነት የሚገምት ዓይን ነውና። 12 ኖት የሚሄደውን 15 ነው ብሎ የገመተ ሰው፣ በሁለት ደቂቃ ጉዞ ብቻ 185 ሜትር ይሳሳታል። ናሱ በትክክል ሠርቷል፤ ቶርፔዶው ግን ከመርከቡ ፊት ያልፋል።

እንጦጦ ላይ ግምት የለም። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ ቴሌስኮፑም በዚያው ልክ ይከተለዋል።