ለሜዳው ጀርባውን የሰጠ ሰው

አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት፣ የሸገር ደርቢ፣ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ፣ በመጣ ቁጥር ሚስማር ተራ ተቀምጬ ከኳሱ እኩል የማየው አንድ ሰው ነበር፤ አስጨፋሪው። የቡናም ይሁን የጊዮርጊስ አቋቋሙ አንድ ነው። አጥር ላይ ወይም ሰው ትከሻ ላይ ይወጣና ለሜዳው ጀርባውን ይሰጣል። ጨዋታውን የሚከታተለው ከደጋፊው ፊት ላይ ነው። ጎል ሲገባ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ሲፈጥ ያያል እንጂ መረቡ ሲርገበገብ አያይም። ይህን ማንም አይቆጥርለትም።

የድል ጭፈራን ብዙዎች እንደ እብደት ያዩታል። ፊሽካ ተነፋ፣ ሕዝቡ ፈነዳ፣ በቃ። ፍንዳታው ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ የሰው ሳንባ ያን ያህል ጩኸት አይችልም። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ አፍ አድርጎ የሚያቆየው ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ እንደ ሸማኔ ጥለት ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ክሩ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ያለችውን ደቂቃ እንያት። ጥሩ አስጨፋሪ ወዲያው አይጀምርም። መዳፉን ዘርግቶ እጁን ያነሳና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጮኾ የጨረሰ ሰው ትንፋሽ የለውም፤ በዚያች ቅጽበት የወጣ ዜማ መንገድ ላይ ይሞታል። ትከሻዎች አንዴ ከፍ ብለው ሲወርዱ፣ አየር መግባቱን ሲያውቅ፣ ያኔ ያወርዳል። የሚጀምረው በወፍራም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ጀማሪ ደስታው ገፍቶት ከላይ ይነሳና ሦስተኛው ዙር ላይ የሚወጣበት ያጣል። እሱ ደረጃውን ከታች ቆጥሮ ነው የሚወጣው።

ስንኙ አጭር ነው። አራት ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ አራት ቀለም፤ የቡሄ በሉ ልክ። ባለ ስድስቱ የወል ቤት ለመሰንቆ ያምራል፣ ለሚዘል ሰው ግን ይረዝማል። ቤት መድፊያውም ተመርጦ ነው። በሳድስ ያለቀ ስም ሜዳ ላይ ይዋጣል፤ አፍ ሲዘጋ ድምፁም እዚያው ይቀራል። «ቡና» ዕድለኛ ነው፤ «ና» ላይ አፍ ከፍቶ ያልቃል። «ጊዮርጊስ» ግን «ስ» ላይ ይዘጋል። ደጋፊው «ሳንጅዬ» ሲል ፍቅሩን ብቻ አይደለም የጨመረው፤ አፉንም ከፍቷል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልነደፈውም። የደረሰበት ጆሮ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ከድምፅ ፍጥነት ጋር የሚገጥመው ትግል ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአስጨፋሪው 100 ሜትር የራቀ ደጋፊ ቃሉን የሚሰማው ወደ ሲሶ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው፤ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ለሚዘል ሰው ይህ ከግማሽ ምት ይበልጣል። ሁሉም የሰማውን ቢከተል ዝማሬው ይተረተራል። ስለዚህ አስጨፋሪው በጆሮ ሳይሆን በዓይን ይመራል፤ ክንዱ ከቃሉ ቀድሞ ይወርዳል። ከበሮው ዳር አይሄድም፣ መሀል ይቆማል። በስንኞቹ መካከል የምትገባው ጭብጨባም ለጌጥ አይደለችም፤ የዘገየው ሰው የሚደርስባት ክፍተት ናት። ተቀባዩ ደግሞ አውራጁ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ የመጨረሻው ቀለም ላይ ይደርብበታል። ስፌቱ የማይታየው ለዚህ ነው።

ተጋጣሚን መንካትም ልክ አለው። ሰርግ ቤት የሙሽራው ወገን የሙሽሪትን ወገን እንደሚነካው ነው፤ ነገ አብሮ ይበላል። ስድብ የሚያወርድ አስጨፋሪ አይቻለሁ። ጩኸት አገኘ፣ ዝማሬ ግን አላገኘም፤ ልጁን ትከሻው ላይ ይዞ የመጣው አባት አፉን ዘጋበት።

ይህን ሙያ ስታዲየም አልወለደውም። ከሆያ ሆዬ፣ ከሰርግ፣ ከታቦት ሽኝት የመጣ ነው። ትልቁ የኳስ ቀናችን ራሱ የዋለው ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነበር፤ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ በዚሁ ሜዳ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር። ግብፅ በ1949 ካርቱም ላይ፣ በ1951 ካይሮ ላይ፣ ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋን ነበር። ያን ቀንም ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜ ደረስንባት። ሁለተኛዋን ሉቻኖ ቫሳሎ ያገባት መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አስቆጠረ፤ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ ደገመ፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ሉቻኖ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የጮኸውን የዚያን ቀን ደጋፊ ጉሮሮ አስቡት። ለመንግሥቱ ጎል የተረፈው አቅም ለቃል አይበቃም፤ ለ«ሆ» ግን ይበቃል። «ሆ» ከንፈር አያስገጥምም፣ ምላስ አያስነሳም፤ የሚወጣው ትንፋሽ ራሱ ነው። እየዘለለ፣ እያለቀሰ፣ ድምፁ ተዘግቶ እንኳ ሰው ሊለው ይችላል። ታቦት አጅበው የሚዘሉት ጎረምሶች ይህን ከኳስ በፊት ያውቁታል።

ደርቢው አልቆ በሩ ሲከፈት ለአስጨፋሪው አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ዝማሬውን ከዝላይ ወደ እርምጃ ማውረድ። እጁን ዝቅ ዝቅ እያደረገ ምቱን ያዘገየዋል። ሰው ሳይታወቀው መዝለሉን ትቶ ይራመዳል፤ ደረጃው ላይ አንዱ በሌላው ላይ አይወድቅም። ለገሃር ሲደርሱ ሌላ ልጅ ተቀብሎ ያወርዳል። እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ከአንዱ የተቀበለውን ሃይላንድ ይጎነጫል። ድምፅ የለውም። ከንፈሩ ግን ከተቀባዮቹ ጋር እየተንቀሳቀሰ ነው።