ስለ አንዲት አጭር ፍርድ

በ1927 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኬሪ ባክ በምትባል የቨርጂኒያ ወጣት ላይ የሰጠው ፍርድ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ በብዕራቸው የተመሰገኑ ሰው ስለ ነበሩ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጽሑፉን ቀረብ ብለህ መርምረው።

ዳኛው የሚሉት ይህ ነው፤ ሕዝብን አስገድዶ መከተብ ከተፈቀደ፥ አእምሮዋ ደካማ ነው የተባለችን ሴት እንዳትወልድ ማምከንም ይፈቀዳል። ምሳሌው ያምራል፤ ዳሩ ግን አይገጥምም። የተከተበ ሰው ራሱ ከበሽታ ይድናል፤ ኬሪ ከምን ዳነች?

ከዚህ የባሰው ማስረጃው ነው። አያቲቱም እናቲቱም ሕፃኒቱም ደካሞች ናቸው ተባለ። ሕፃኒቱ ግን ይህ ሲመሰከርባት ገና ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር! ኋላ ትምህርት ቤት ገብታ ስሟ ከጐበዞቹ ተማሪዎች መዝገብ ተጻፈ፤ በ8 ዓመቷም ሞተች። ኬሪም የፀነሰችው ተደፍራ ነበር። ጠበቃዋ አንድ ምስክር እንኳ አልጠራላትም፤ እሱ ራሱ ቀድሞ እሷን የያዘው ተቋም የቦርድ አባል ነበረና።

ከ9ኙ ዳኞች 8ቱ ተስማሙ። ያልተስማሙት ፒርስ በትለር ምክንያታቸውን አንድ መስመር አልጻፉም፤ እኔንስ ከሆምስ ቃል ይልቅ ይህ ዝምታ ያሳዝነኛል።

ኬሪ በዚያው ዓመት በጥቅምት በቀዶ ጥገና መከነች። ቈይቶም እኅቷ ዶሪስ እንዲሁ ተደረገች፤ ለሷ ግን የትርፍ አንጀት ሕክምና ነው ብለዋት ስለ ነበር፥ አግብታ ብዙ ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ኖረች።