የሶማሌ ተራ ፈታሽ እጅ

ሶማሌ ተራ ለፈታሽ ከባድ ሰፈር ነው። መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ይህ ተራ፣ የሚገባበትም የሚወጣበትም ዕቃ ብረት፣ ሽቦና ዘይት የነካው ጨርቅ ነው። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ፍሪሲዮን በየፌስታሉና በየማዳበሪያው ተቋጥሮ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይውላል። በእጅ የሚያዘውን የብረት መፈተሻ እነዚህን ለያዘ ሰው ብታስጠጉት ለሁሉም ይጮኻል። ለሁሉም የሚጮኽ መሣሪያ ደግሞ ማንንም አይለይም። ስለዚህ እዚህ ፍተሻው የሚሠራው በእጅ፣ በዓይንና በጆሮ ነው፤ በደንብ ሲሠራም ሙያ ነው።

በአንድ የንግድ ሕንፃ በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽና የሚገባውን ሰው ሁሉ ቦርሳ የምታይ ሴት ስትሠራ ልብ ብዬ አይቻለሁ። ሰላምታ ታስቀድማለች። «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ቦርሳዎን» ትላለች። ሰላምታው ለወግ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሰላምታ ሲመልስ ቀና ይላል፣ ቀና ሲል ፊቱ ይታያል። ቦርሳውን ከመክፈቷ በፊት ከሥሩ በመዳፏ ደግፋ ከፍ ታደርገዋለች። ክብደቱና መጠኑ መስማማታቸውን የምታውቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ትከፍትና ዕቃውን ሳትዘረግፍ ጎንና ጎኑን ገለጥ ታደርጋለች።

ዋናው ጥበብ ግን ጥያቄዋ ነው። «የምን መኪና ነው?» ትላለች። ዕቃውን የገዛ ሰው አያመነታም። «የቪትዝ ነው፤ ሞተሪኖዬ ተቃጥሎ ይኸው በእሳት ዋጋ ገዛሁ» ብሎ ማማረር ይጀምራል። የአይሱዙ ሹፌር ከሆነ ሞዴሉን ሳይቀር ይነግራታል። የያዘውን ዕቃ ስም የማያውቅ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከየትኛው ሱቅ እንደገዛው፣ ለማን እንደሚያደርሰው። ይህ ማለት ተጠርጥሯል ማለት አይደለም። መካኒክ የላከው ልጅም ስሙን ላያውቅ ይችላል፤ ልጁ ግን ላኪውን ያውቃል፣ ስልክ ይደውላል፣ ነገሩ ወዲያው ይጠራል። ጥያቄው የሚነሳው ከዕቃው ነው። የሰውየው መልክ፣ አለባበስ ወይም አነጋገር ጥያቄ አያስነሳም።

ይህን የማደንቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ስታዲየም በተጋጠሙበት ዕለት፣ ቦሌ ውስጥ በአንድ ቤት ፈንጂ ፈንድቶ ሲያዘጋጁት የነበሩትን ሁለት ሰዎች ገደለ። በወቅቱ መንግሥት እንዳስታወቀው ሰዎቹ ያሰቡት ከደጋፊው ጋር ተቀላቅለው ጥቃት ለማድረስ ነበር፤ በቤቱም የብሔራዊ ቡድናችን ማሊያ ተገኝቷል። በልብስ የሚፈርድ ፈታሽ ማሊያውን አይቶ ያሳልፍ ነበር። ዕቃውን የሚያውቅ እጅ ግን በማሊያ አይታለልም።

የመኪና መግቢያው ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሙያ አለ። ጥበቃው እንጨት ላይ የታሰረውን መስታወት ከመኪናው ሥር ያስገባና ከፊት ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል። ማርሚታውን፣ ባሌስትራውን፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን በየቦታቸው ያውቃቸዋል። ከዚያም በላይ የሚያየው አቧራውን ነው። የአዲስ አበባ መኪና ሥሩ በሙሉ እኩል ይቆሽሻል፤ ጭቃው ከብረቱ ጋር ተጋግሮ አንድ መልክ ይይዛል። በዚያ መሀል የተወለወለ ቦታ ወይም አዲስ የሚያብለጨልጭ ሽቦ ካለ ዓይን ይይዛል። ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፣ መኪናው ከጋራዥ መውጣቱ ነው። ጥሩ ጥበቃ ግን መልሱን ከሹፌሩ አፍ ሳይሰማ በሩን አይከፍትም።

ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት ቦታ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይህች ከተማ ታውቃለች። በ1988 ዓ.ም ግዮንና ዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች በቦምብ ተመትተዋል። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም መስቀል አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፣ ከ150 በላይ ቆስለዋል። ጎረቤታችን ናይሮቢ መስከረም 2006 ዓ.ም በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰዎች ተገድለውባታል።

የፈታሽ ሙያ ግን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ማንቸስተር ከአንድ የሙዚቃ ድግስ መውጫ ላይ ፈንጂ 22 ሰዎችን ገደለ። ፍንዳታው ከመድረሱ በፊት አንድ ታዳሚ ትልቅ ቦርሳ የተሸከመውን ሰው ተጠራጥሮ ለአስተናጋጅ ተናግሮ ነበር። ጥርጣሬው የደረሰው ወጣት ጥበቃም በሬዲዮ ለመናገር ሞክሮ መስመሩ አልገናኝ አለው። ያየ ዓይን ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ ግን አልነበረም። ልጇን ማርቲንን በዚያ ምሽት ያጣችው ፊገን መሪ ለዓመታት ከታገለች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙ ሰው የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ለጥቃት እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል።

እኛም ጋ ክፍተቱ ያለው ነጋዴውና መንግሥት በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ፈታሿን የሚቀጥራት የሕንፃው ባለቤት ወይም የጥበቃ ኤጀንሲ ነው፤ ፈንጂ የሚያመክነው የፖሊስ ባለሙያ ነው። አጠራጣሪ ዕቃ ስታይ የእሷ ድርሻ አለመንካት፣ ሰው ማራቅና መጥራት ነው። ያ ጥሪ በደቂቃ ውስጥ ከማን ዘንድ እንደሚደርስ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ተራው ደግሞ የራሱ ዓይኖች አሉት። የፓርኪንግ ልጆች የትኛው መኪና ባለቤት እንደሌለው ያውቃሉ፤ ጫኝና አውራጆች የማን ጭነት የት እንደሚራገፍ ያውቃሉ፤ ቡና የምታፈላዋ ሴት ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሳውን ማዳበሪያ አይታዋለች። ይህ ሁሉ እውቀት ወደ በሩ፣ ከበሩም ወደ ፖሊስ ጣቢያው ካልፈሰሰ በየሰው ልብ ተቀብሮ ይቀራል።

ስለዚህ የሕንፃ ባለቤቶች፣ ፈታሻችሁን እንደ ባለሙያ ክፈሏት፤ በየወሩ የሚቀያየር ሰው ዕቃውንም ሰዉንም አያውቅም። ፖሊስም ያሰልጥናት፣ የሚነሳ ስልክ ይስጣት፣ ስትደውልም አያንጓጣት። እኛ ገበያተኞች ደግሞ ቦርሳችንን ሳንቆጣ እንክፈት፣ የያዝነውንም በስሙ እንንገራት። የእጇ ሥራ ጥሩ ሲሆን ማንም ሳያስተውለው ቀኑ ያልፋል፤ ክብርና ደመወዝ የሚገባት ለዚሁ ነው።