ሕመምተኛው ሕመሙን በወረቀት እንዲያስረዳ ስለሚያዝ ሕግ

የአንድን ሕግ ደግነት ወይም ጉድለት ለመመርመር ቃሉን ማንበብ ብቻ አይበቃም። ሕጉ በማን እጅ እንደሚፈጸምና የሚፈጸምበትም ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንተቸው ያሰብነው በአሜሪካ ሜዲኬይድ በተባለው የድኾች የጤና መድን ላይ የወጣውን አዲስ ሕግ ነው። ሕጉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 4 ቀን 2025 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ትራምፕ ፊርማ ጸድቋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሐኪም ቤቶች ከ550 ሺሕ የሚበልጡ ሕመምተኞች ይኖሩ ነበር። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፈረሙት ሕግ እነዚህ ሰዎች ከዘመዶቻቸው ሳይርቁ በየሰፈራቸው የሚታከሙባቸው ጣቢያዎች እንዲቋቋሙ የሚያስችል ነበር። ይሁን እንጂ የሐኪም ቤቶቹ አልጋ ሲቀነስ፣ ከታሰቡት ጣቢያዎች ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ። በ1965 የተመሠረተው ሜዲኬይድ ይህን ክፍተት ቀስ በቀስ እየሸፈነ መጥቶ፣ በአገሪቱ ለአእምሮ ሕክምና ከሚከፍሉት ሁሉ ትልቁ ከፋይ ሆነ። ስለዚህ ሜዲኬይድን የሚነካ ሕግ ሁሉ፣ ቢያስብም ባያስብም፣ የአእምሮ ሕመምተኞችን ይነካል።

አዲሱ ሕግ በ2010 በወጣው ሕግ ምክንያት ወደ መድኑ የገቡት፣ ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 64 የሆነ ሰዎች፣ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በበጎ ፈቃድ ማገልገላቸውን እንዲያስረዱ ያዝዛል። ግዛቶቹም ይህን እስከ 2027 መግቢያ ድረስ እንዲጀምሩ ተወስኗል። በዓመት አንድ ጊዜ ይደረግ የነበረው የመብት ምርመራም ለእነዚሁ ሰዎች በየስድስት ወሩ እንዲሆን ተደንግጓል።

የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉት ከንቱ ነገር አይደለም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ መሥራት የሚችል ሰው ይሥራ ማለትም ነውር የለበትም። በተጨማሪም ሕጉ ከሥራ የሚያግድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ከግዴታው ነጻ አውጥቷል። ታዲያ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? ቢባል፣ መልሱ ነጻ መውጣትና ነጻ መሆንን ማስመስከር ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። የአእምሮ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ያንኑ መናገሪያውን ነው። በጽኑ ሐዘን የተያዘ ሰው የመጣለትን ደብዳቤ አይከፍትም። ሰዎች ያሳድዱኛል ብሎ የሚያምን ሰው ከመንግሥት የተላከ ቅጽ አይሞላም። ሌላውም ታምሜያለሁ ብሎ ከቶ አያምን። እግሩ የተሰበረ ሰው የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ሊቀርብ ይችላል፤ የዚህኛው ስብራት ግን ወረቀቱን የሚይዝበት እጁ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ በአርካንሶ ግዛት የሆነውን እንመልከት። በ1 ዓመት ውስጥ በማናቸውም ሦስት ወር ሥራውን ያላስታወቀ ሰው ከመድኑ እንዲወጣ የሚያደርግ ደንብ በ2018 በዚያ ተጀመረ። ማስታወቂያው መጀመሪያ በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ እሱም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ይዘጋ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ከ18 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ከመድኑ ወጡ፤ በ2019 በማርች ወርም የፌደራል ዳኛ ደንቡን አገደው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባወጡት ጥናት የሠራተኛው ቁጥር እንዳልጨመረ፣ ደንቡ ከሚመለከታቸውም ከመቶው ከ95 የሚበልጡት አስቀድሞ ይሠሩ የነበሩ ወይም ነጻ መሆን የሚገባቸው እንደ ነበሩ አሳዩ። እንግዲህ የተጣራው ሰነፉ ሳይሆን ወረቀት ያቃተው ነው ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ የጊዜ ነው። አዲሱ ሕግ ላላስረዳ ሰው ማስጠንቀቂያ ልኮ 30 ቀን ይሰጠዋል። ለጽሕፈት ቤት 30 ቀን አጭር አይደለም። ነገር ግን ሌላ መድኃኒት ላልረዳቸው ሕመምተኞች የሚሰጠው ክሎዛፒን ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ፣ እንደ ገና ከዝቅተኛው መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ግድ ነው። መድኑን ያጣ ሕመምተኛ ወረቀቱ በኋላ ቢስተካከልለትም፣ የተቋረጠው ጤናው ግን ከወረቀቱ ጋር አብሮ አይመለስለትም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ሕጉ ራሱ ግዛቶቹ በተቻለ መጠን በእጃቸው ባለው መረጃ እንዲጠቀሙ ያዝዛል። የሕክምናውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ስለ ሆነ፣ ማን በምን እንደሚታከም መዝገቡ ያውቃል። እንግዲያው የማስረዳት ሸክም ከሕመምተኛው ትከሻ ወርዶ በመዝገቡ ላይ ይሁን፤ መዝገቡም ዝም ካለ፣ ሰውየው ሳይጎበኝ ስሙ አይሰረዝ።

ይህ ትችት ለእኛም ይጠቅማል። በአገራችን በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሚያደርገው ቤተ ሰብን ነው፤ መክፈል ያልቻሉትም በየአካባቢያቸው ተመርጠው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ታዲያ ከቤተ ሰቡ ወጥቶ በየመንገዱ የሚያድረውን የአእምሮ ሕመምተኛ በማን ቤት ስም እንመዘግበዋለን? የሌላውን አገር ሕግ የነቀፈ ሰው ለዚህ ጥያቄም መልስ ሊያዘጋጅ ይገባዋል።